የማጀቢያ ሙዚቃ አልበም

የማጀቢያ ሙዚቃ አልበም ለፊልም ወይም ለተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልም የተደረሰ ሙዚቃ ከምስሉ ተለይቶ ብቻውን እንዲደመጥ የሚወጣ የሙዚቃ ስብስብ ነው። ሳውንድትራክ በሚለው የእንግሊዝኛ ስሙም ይታወቃል። ዘፈኖችን የያዘ፣ በኦርኬስትራ የተሠራ፣ በኮምፒውተር የተቀናበረ ወይም ሁሉንም የቀላቀለ ሊሆን ይችላል። ይህ ጽሑፍ በተለይ በኦርኬስትራ የሚሠራውን ዓይነት፣ በአኒሜሽን ፊልሞች ያለውን ቦታና አደማመጡን ይመለከታል።

ከኢትዮጵያ ጋር በቀጥታ ከሚያያዙት እንዲህ ያሉ ሥራዎች አንዱ የ«ኢንዱራንስ» ፊልም ማጀቢያ ነው። ፊልሙ በ1991 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1999) ለሲኒማ ቤቶች የቀረበ ሲሆን፣ የአሰላውን ተወላጅ ሯጭ የኃይሌ ገብረ ሥላሴን ሕይወት ይተርካል። የሙዚቃው ደራሲ ጆን ፓውል ዛሬ በይበልጥ የሚታወቀው በአኒሜሽን ፊልሞች ሙዚቃው ነው።

ስያሜ

«ማጀብ» የሚለው ግስ ሙሽራን፣ ታቦትን ወይም የተከበረ እንግዳን ከፊትና ከኋላ ሆኖ መሸኘትን ያመለክታል። አጃቢ የሚታየው ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ ታጃቢው ክብር ነው። የፊልም ሙዚቃም ሥራው ይኸው ነው፤ ተመልካቹ ዓይኑን ከምስሉ ሳያነሳ ስሜቱን ይመራዋል። ብዙ ሰው ፊልም አይቶ ሲወጣ ታሪኩን ይናገራል እንጂ ሙዚቃውን አያነሳም።

በአልበም ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ታጃቢው ይቀርና አጃቢው ብቻውን ይመጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን አልበም የማድመጥ ዋናው ጥያቄ፣ ከምስል በታች እንዲሆን የተጻፈ ሙዚቃ ያለ ምስል እንዴት ይቆማል የሚለው ነው።

አመጣጥ

ድምፅ አልባ ፊልሞች በሚታዩበት ዘመን በሲኒማ ቤቶች ውስጥ ፒያኖ ተጫዋች ወይም ትንሽ ኦርኬስትራ ተቀምጦ ከምስሉ ጋር ይጫወት ነበር። ድምፅ ከፊልሙ ጋር አብሮ መቀረጽ ከጀመረ በኋላ ሙዚቃው የፊልሙ ቋሚ ክፍል ሆነ። በኦስትሪያ የተወለደው ማክስ ስታይነር እ.ኤ.አ. በ1933 ለ«ኪንግ ኮንግ» የደረሰው ሙዚቃ ለአንድ ፊልም ተብሎ ከተጻፉት ሰፊ የኦርኬስትራ ሥራዎች መካከል ቀደምት ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል።

የአልበሙ ታሪክ ከአኒሜሽን ጋር የተሳሰረ ነው። የዋልት ዲዝኒ «ስኖው ኋይት እና ሰባቱ ድንኮች» የተባለው የካርቱን ፊልም ዘፈኖች እ.ኤ.አ. በ1938 በሸክላ ታትመው ተሸጡ። ይህም ከፊልም ላይ በቀጥታ ተወስዶ ለገበያ የቀረበ የመጀመሪያው የማጀቢያ ሙዚቃ ኅትመት ተደርጎ ይቆጠራል።

አሠራር

ሥራው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ምስሉ ከተቀረጸና ከተስተካከለ በኋላ ነው። ደራሲውና ዳይሬክተሩ አብረው ፊልሙን እያዩ ሙዚቃ የት እንደሚገባ፣ የት እንደሚያበቃና የት ዝምታ እንደሚሻል ይወስናሉ። ከዚያ ደራሲው ለዋና ዋና ገጸ ባሕርያት፣ ለቦታዎች ወይም ለስሜቶች አጫጭር ዜማዎች ያዘጋጃል። እነዚህ መለያ ዜማዎች በየትዕይንቱ መልካቸውን እየለዋወጡ ይመለሳሉ።

ሙዚቃና ምስል የሚገጣጠሙት በስሌት ነው። የሲኒማ ፊልም በአንድ ሰከንድ 24 ምስሎች ያሳያል። ሙዚቃው በደቂቃ 120 ምት ከሆነ አንዱ ምት ግማሽ ሰከንድ ወይም 12 ምስል ይወስዳል፤ በደቂቃ 144 ምት ከሆነ ደግሞ 10 ምስል ይወስዳል። ደራሲው አንድ በር በስንተኛው ምስል ላይ እንደሚዘጋ ካወቀ የከበሮው ምት እዚያው ላይ እንዲያርፍ አድርጎ መጻፍ ይችላል። በቀረጻ ጊዜ ሙዚቀኞቹ በጆሮ ማዳመጫ የምት መቁጠሪያ ድምፅ እየሰሙ ይጫወታሉ፤ መሪው ደግሞ ምስሉን በስክሪን እያየ ይመራል።

ኦርኬስትራው በአራት ቤተሰብ ይከፈላል፦ ቫዮሊን፣ ቪዮላ፣ ቼሎና ደብል ቤዝ ያሉበት የአውታር ክፍል፤ ፍሉት፣ ኦቦ፣ ክላሪኔትና ባሱን ያሉበት የእንጨት ትንፋሽ ክፍል፤ ትራምፔት፣ ሆርን፣ ትሮምቦንና ቱባ ያሉበት የናስ ትንፋሽ ክፍል፤ እንዲሁም ከበሮዎችና ሌሎች የምት መሣሪያዎች። አንድ መለያ ዜማ በፍሉት ብቻ ሲቀርብ የልጅነት ወይም የብቸኝነት ስሜት ሊሰጥ ይችላል፤ ያው ዜማ በናስ መሣሪያዎች ሲመለስ የድል ድምፅ ይሆናል። ኖታው ሳይለወጥ ትርጉሙ የሚለወጥበት ምክንያት ይህ ነው።

በአኒሜሽን ውስጥ

በአኒሜሽን ፊልም ውስጥ ያለው ሁሉ የተሳለ ነው። ካሜራ ያልቀዳው ዓለም በመሆኑ የራሱ የነፋስ፣ የእርምጃና የትንፋሽ ድምፅ የለውም፤ ሁሉም ከውጭ ይመጣል። በዚህ ምክንያት ሙዚቃው በሰው ተዋንያን ከሚሠራ ፊልም ይልቅ ብዙ ሸክም ይሸከማል።

በኢትዮጵያ ቤቶች በሰፊው የሚታወቀው ምሳሌ «ቶም እና ጄሪ» ነው። ከእ.ኤ.አ. 1940 እስከ 1958 ድረስ የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ሙዚቃ በአብዛኛው የስኮት ብራድሊ ሥራ ነው። ድመቱና አይጡ ንግግር ስለሌላቸው ታሪኩን የሚናገረው ኦርኬስትራው ነው፤ ሩጫው በቫዮሊን፣ ውድቀቱ በናስ መሣሪያ፣ ድብብቆሹ በክላሪኔት ይነገራል። ቋንቋውን የማያውቅ ልጅ ሁሉ የሚረዳው ከዚህ የተነሳ ነው። ቶም የፍራንዝ ሊስትን ሁለተኛውን የሃንጋሪ ራፕሶዲ በፒያኖ የሚጫወትበት የ1947 (እ.ኤ.አ.) ክፍል የኦስካር ሽልማት አግኝቷል።

ለቴሌቪዥን በተሠሩ ተከታታይ ፊልሞች በጀት ስለሚያንስ አንዱን ቅጂ ሙዚቃ በብዙ ክፍሎች ውስጥ ደጋግሞ መጠቀም የተለመደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 የጀመረው የ«ባትማን» አኒሜሽን ተከታታይ ግን በሸርሊ ዎከር መሪነት ለየክፍሉ አዲስ ሙዚቃ በኦርኬስትራ በማስቀረጽ ይታወቃል። ጄረሚ ዙከርማን ሙዚቃውን የደረሰለት «ዘ ሌጀንድ ኦቭ ኮራ» ደግሞ የአውታር መሣሪያዎችን ኤርሁ ከተባለው የቻይና ባህላዊ መሣሪያ ጋር አዋሕዷል። ኤርሁ በደጋን የሚመታ፣ ሁለት አውታር ያለው መሣሪያ ሲሆን ከአንድ አውታሩ መሰንቆ ጋር ይመሳሰላል። የተከታታዩ የመጀመሪያ ምዕራፍ ሙዚቃ እ.ኤ.አ. በ2013 በአልበም ወጥቷል።

አሰላና «ኢንዱራንስ»

አሰላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከበላይዋ ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው የጭላሎ ተራራ ይታያል። የአርሲ ደጋ በስንዴና በገብስ እርሻው፣ በፈረሶቹና በሯጮቹ ይታወቃል፤ ደራርቱ ቱሉና ቀነኒሳ በቀለም ከዚሁ ዞን፣ ከበቆጂ አካባቢ የወጡ ናቸው።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሚያዝያ 10 ቀን 1965 ዓ.ም. በአሰላ አካባቢ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ይሄድና ይመለስ ነበር፤ በውድድር ላይ ግራ ክንዱን አጠፍ አድርጎ የመሮጥ ልማዱ ደብተር ይዞ ከመሮጥ የመጣ እንደሆነ ይነገራል። በ1972 ዓ.ም. ምሩፅ ይፍጠር በሞስኮ ኦሎምፒክ የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ድሎችን ሲቀዳጅ፣ የሰባት ዓመቱ ኃይሌ ውድድሩን የተከታተለው በሬዲዮ ነበር። ማርሽ ቀያሪው ሲያፈተልክ በዓይኑ አላየውም፤ ድምፅ ሰምቶ ምስሉን በሐሳቡ ሣለ። ያለ ስክሪን የሚደመጥ የማጀቢያ አልበምም ከአድማጩ የሚጠይቀው ይህንኑ ችሎታ ነው።

«ኢንዱራንስ» የሚለው ርዕስ ጽናት ማለት ነው። ፊልሙን የመራው እንግሊዛዊው የዘጋቢ ፊልም ባለሙያ ሌስሊ ውድሄድ ሲሆን፣ ከአዘጋጆቹ አንዱ አሜሪካዊው ቴረንስ ማሊክ ነበር። የአትላንታ ኦሎምፒክ ክፍሉ በኦሎምፒክ ፊልሞቹ የታወቀው የበድ ግሪንስፓን ሥራ ነው። ፊልሙ ድራማና ዘጋቢ ፊልምን ያቀላቅላል፤ ኃይሌ ራሱን ሆኖ ይታያል፣ ዘመዶቹም የቤተሰቡን አባላት ሆነው ተጫውተዋል። ማዕከሉ ሐምሌ 22 ቀን 1988 ዓ.ም. በአትላንታ የተደረገው የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ነው። ኃይሌ በ27 ደቂቃ ከ07.34 ሰከንድ አንደኛ ሲወጣ፣ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት በ27 ደቂቃ ከ08.17 ሰከንድ ሁለተኛ ሆኗል።

የረጅም ርቀት ሩጫ ለፊልም ሙዚቃ ደራሲ አስቸጋሪ ርዕስ ነው። የ10,000 ሜትር ውድድር 25 ዙር አለው። የአትላንታው ሰዓት ለ25 ሲካፈል አንዱ ዙር በአማካይ 65 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። በደቂቃ 120 ምት ባለው፣ በአራት በአራት ምት በሚቆጠር ሙዚቃ ይህ ከ32 ቤት ትንሽ የሚበልጥ ነው፤ ውድድሩ ሙሉ በሙሉ ይታጀብ ቢባል ከ800 ቤት በላይ ሙዚቃ ይጠይቃል። ለዓይን ግን ዙሮቹ አንድ ዓይነት ናቸው። የውድድሩ ውጥረት የሚታወቀው በሯጮቹ መካከል ባለው ክፍተትና በፍጥነት ለውጥ ነው። የሩጫ ፊልም ሙዚቃ እንግዲህ ከእግር ምት ይልቅ ትዕግሥትን መግለጽ አለበት፤ ድምፁን ቀስ በቀስ እያጠራቀመ ኃይሉን ለመጨረሻው ዙር ያስቀምጣል። ጥሩ ሯጭም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

የሙዚቃው ደራሲ ጆን ፓውል እ.ኤ.አ. በ1963 በለንደን የተወለደ ሲሆን በልጅነቱ ቫዮሊን ተምሮ በከተማው ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ አጥንቷል። እ.ኤ.አ. በ1998 ከሃሪ ግሬግሰን ዊልያምስ ጋር የ«አንትዝ»ን ሙዚቃ ደረሰ፤ ሁለቱ «ቺክን ራን» (2000) እና «ሽሬክ» (2001) በተባሉት ፊልሞችም አብረው ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ለወጣው «ሃው ቱ ትሬይን ዩር ድራገን» የደረሰው ሙዚቃ ለኦስካር ሽልማት እጩ ሆነ። ፊልሙ ከእ.ኤ.አ. 2012 ጀምሮ ወደ ተከታታይ የቴሌቪዥን አኒሜሽን ሲቀየር የሙዚቃውን ሥራ ጆን ፔሳኖ ወስዶታል። በዚህ መስመር ሲታይ «ኢንዱራንስ» ፓውል ወደ ታላላቆቹ የአኒሜሽን ሥራዎቹ ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የሠራው፣ ስለ አንድ የአርሲ ልጅ የሚተርክ ሥራ ነው።

አደማመጥ

የኦርኬስትራ ማጀቢያ አልበም ግጥም ስለሌለው፣ ዘፈን የለመደ አድማጭ መጀመሪያ ላይ የሚይዘው ነገር ሊያጣ ይችላል። የሚከተሉት መንገዶች ይረዳሉ።

አንድ ዜማ መከተል፦ አልበሙ ሲጀመር የሚሰማው ዋና ዜማ ብዙ ጊዜ የአልበሙ ቁልፍ ነው። አድማጩ ያንን ዜማ እያፏጨ ከያዘው በኋላ በሌሎቹ ክፍሎች የት እንደሚመለስ፣ በየትኛው መሣሪያ እንደሚቀርብ፣ መቼ ተቆርጦ እንደሚቀር ይከታተላል። ሳይጠናቀቅ የሚቀር ዜማ ብዙውን ጊዜ በታሪኩ ውስጥ ገና ያልተፈታ ነገር መኖሩን ያመለክታል።

አንድ መሣሪያ መምረጥ፦ በሁለተኛው ዙር ሙሉውን ድምፅ ትቶ ቼሎውን ወይም ሆርኑን ብቻ መከታተል ይቻላል። ከላይ ያለው ዜማ ያስደስት እንጂ ስሜቱን የሚሸከመው ብዙ ጊዜ ከታች ያለው ነው።

ቅደም ተከተሉን ማወቅ፦ በአልበም ላይ ያሉት ክፍሎች ሁልጊዜ በፊልሙ ቅደም ተከተል አይደረደሩም። አዘጋጁ ለጆሮ እንዲመች ሊያዘዋውራቸው፣ አጫጭሮቹን ሊያገጣጥም ወይም በፊልሙ ውስጥ የተቆረጠውን ሙሉ አድርጎ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ አልበም የፊልሙ ቅጂ ሳይሆን ራሱን የቻለ አተራረክ ነው።

ምስሉን ማቆየት፦ ፊልሙን ያላየ ሰው አስቀድሞ ሙዚቃውን ቢሰማ የራሱን ታሪክ ይሠራል፤ በኋላ ፊልሙን ሲያይ የሁለቱ ልዩነት ራሱ ያስደስታል። ፊልሙን አስቀድሞ ያየ ደግሞ በሙዚቃው ትዝታውን ይጠራል።

ጸጥ ያለ ቦታ መምረጥ፦ ኦርኬስትራ በሹክሹክታና በጩኸት መካከል ሰፊ ልዩነት አለው። በታክሲ ወይም በአውቶቡስ ውስጥ ዝቅተኛው ክፍል በሞተር ድምፅ ይዋጣል፤ አድማጩ ድምፁን ሲጨምር ደግሞ ከፍተኛው ክፍል ጆሮ ይጎዳል።

የፋይል ጥራት

በሲዲ ላይ ያለ ሙዚቃ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት ለግራና ለቀኝ በየፊናው 16 ቢት ይይዛል። ይህ በሰከንድ 1,411 ኪሎ ቢት ገደማ ማለት ነው። የአንድ ሰዓት አልበም እንዲህ ሆኖ ሲቀመጥ 635 ሜጋ ባይት አካባቢ ይሆናል። ያው አልበም በሰከንድ 128 ኪሎ ቢት በሆነ ኤምፒ3 ሲጨመቅ ወደ 58 ሜጋ ባይት ይወርዳል፤ በ320 ኪሎ ቢት ደግሞ 144 ሜጋ ባይት ይሆናል። ዝቅተኛው ለኢንተርኔት ወጪ የሚመች ቢሆንም፣ የጸናጽልን ቅላጼና ብዙ ቫዮሊኖች አብረው የሚሰጡትን ድምፅ ሊያደበዝዝ ይችላል። የንግግር ቀረጻ በ128 ብዙም አይጎዳም፤ በኦርኬስትራ ላይ ግን ጉድለቱ ይበልጥ ይሰማል።

ኦርኬስትራ በኢትዮጵያ

የአውሮፓ መሣሪያዎች ወደ ኢትዮጵያ በብዛት የገቡት በናስ ትንፋሽ በኩል ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የናስ መሣሪያዎች በስጦታ መጡ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም ያገኟቸው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች «አርባ ልጆች» ተብለው ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ፣ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ሙዚቀኞችን አሠልጥኗል፤ ኢትዮጵያዊ ዜማዎችንም ለኦርኬስትራ አቀናብሯል።

የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ «እረኛው ባለ ዋሽንት» የተሰኘ የኦርኬስትራ ሥራ ደርሷል፤ ሥራውም በሃንጋሪ ኦርኬስትራ ተጫውቷል። ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ ደግሞ በቡልጋሪያ ሶፊያ ከተማር በኋላ ኢትዮጵያዊ ዜማዎችን ለፒያኖ በመድረስ ይታወቃል። እነዚህ ሥራዎች ለፊልም የተጻፉ አይደሉም፤ ነገር ግን የኢትዮጵያን ምድር በኦርኬስትራ ለመግለጽ ለሚፈልግ የፊልም ሙዚቃ ደራሲ መነሻ ሆነው ያገለግላሉ።

ቅኝትና ሐርመኒ

በኢትዮጵያ ደጋ ሙዚቃ ውስጥ የታወቁት ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት ቅኝቶች እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው። ኦርኬስትራ ደግሞ በአብዛኛው በሰባት ድምፅ መሰላልና ብዙ ድምፆችን በአንድ ጊዜ በማሰማት፣ ማለትም በሐርመኒ፣ የተገነባ ነው። አቀናባሪው ሐርመኒውን ለማሟላት በቅኝቱ ውስጥ የሌለ ድምፅ ሲጨምር፣ ለአገሬው ጆሮ ቅኝቱ ወዲያው ይለወጣል። አንዱ መፍትሔ ዜማውን በአንድ ድምፅ ትቶ ከሥሩ የማይንቀሳቀስ ዝቅተኛ ድምፅ ማኖር ነው፤ ይህም የበገናን ባሕርይ ያስታውሳል። ሌላው፣ ቫዮሊን እንደ መሰንቆ በአንገቱ ላይ የጣት ማረፊያ መለያ ስለሌለው በፒያኖ ላይ የማይገኙትን የመካከል ድምፆች በእርሱ ማሰማት ነው።

በአርሲ ኦሮሞ ባህል ዋናው መሣሪያ የሰው ድምፅ ነው። ሴቶች ሲንቄ የተባለውን በትር ይዘው በአቴቴ ሥርዓት በኅብረት ይዘምራሉ፤ ወንዶች በጌራርሳ ጀግንነትን ያወድሳሉ። አንዱ ሲያወጣ ሌላው የሚቀበልበት ይህ አዘማመር፣ በኦርኬስትራ ውስጥ አንዱ የመሣሪያ ቤተሰብ ጠይቆ ሌላው ከሚመልስበት አጻጻፍ ጋር ይቀራረባል። የአርሲን ደጋ በሙዚቃ ለመግለጽ የሚነሳ ሰው «አፍሪካዊ» የሚባል ጠቅላላ የከበሮ ድምፅ ከመውሰድ ይልቅ ከዚህ ቢጀምር፣ ሙዚቃው የቦታው መሆኑን የአካባቢው አድማጭ ይለየዋል። አለዚያ የአገሩ ታሪክ በምስል እየታየ በጆሮ ግን የሌላ አገር ሆኖ ይቀራል።

የኢትዮጵያ አኒሜሽን

በኢትዮጵያ ለልጆች ከተሠሩ ተከታታይ ዝግጅቶች መካከል በዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ የተዘጋጀው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በሰፊው ይታወቃል። ዋና ገጸ ባሕርይዋ ፀሐይ የምትባል የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት። ከዚሁ ድርጅት የወጣው «ጥበብ ገርልስ» ደግሞ ሦስት ልጃገረዶችን የያዘ አኒሜሽን ተከታታይ ነው።

ሙሉ ኦርኬስትራ ማስቀረጽ በአስሮች የሚቆጠሩ ሙዚቀኞች፣ ሰፊ ስቱዲዮና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። በአነስተኛ በጀት የሚሠሩ ደራስያን በዓለም ዙሪያ የሚጠቀሙበት ዘዴ የተቀረጹ የኦርኬስትራ ድምፆችን በኮምፒውተር ማቀናበርና በላያቸው አንድ ወይም ሁለት ሕያው ተጫዋቾች መጨመር ነው። ሙዝስኮር የተባለው ነፃ የኖታ መጻፊያ ሶፍትዌር የኦርኬስትራ ድምፆችን ይዞ ይመጣል። በኮምፒውተር በተሠሩ ቫዮሊኖች ላይ አንድ እውነተኛ መሰንቆ ወይም ዋሽንት ሲጨመር፣ የተጫዋቹ ትንፋሽና የደጋኑ ፍትግ ለቀሪው ሁሉ ሕይወት ይሰጣል። ዋሽንትና መሰንቆ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ከቫዮሊንና ከፒያኖ ጎን ለጎን የሚሰጡ ትምህርቶች በመሆናቸው፣ ሁለቱንም ወገን የሚያውቁ ተጫዋቾች በአገር ውስጥ ይገኛሉ።